ወንድሜ ታስሮ 5,000 ዶላር ቦንድ ተባልን፤ ልፈርም ወይስ ልጠብቅ?

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? ቅዳሜ ሌሊት ታናሽ ወንድሜ ምግብ ቤት ውስጥ ከአንድ የሀገር ልጅ ጋር ተጣልቶ ፖሊስ ወሰደው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው፣ በዲቪ ከመጣ 4 ዓመቱ፣ ግሪን ካርድ አለው፣ ታክሲ ይነዳል። ልጁን በቡጢ መታው እንጂ ሌላ ነገር የለም። ማጂስትሬት የሚባለው ሰውዬ 5,000 ዶላር ሴክዩርድ ቦንድ ብሎታል። አንድ ቦንድስማን ጋ ስደውል 500 ዶላር ክፈይ፣ አሁኑኑ ይወጣል አለኝ። ወረቀቱን ሲልክልኝ ግን ቤቴን መያዣ የሚል ነገር አየሁበት። አክስቴ ደግሞ ልጇ ዲሲ ታስሮ ያለ አንድ ሳንቲም ስለወጣ እያጭበረበሩሽ ነው ትለኛለች። የዕቁብ ጓደኞቼ 5,000ውን አሟልተን እንክፈል ይላሉ። ለመሆኑ 500ው ይመለሳል? እንደ ሀገር ቤት ዋስ ነው? ሽማግሌ ልከን ከልጁ ጋር ብንታረቅስ ይለቁታል? እባክዎ ምን ላድርግ? የጨነቃት እህት ነኝ።»

እህቴ፣

በዚያው ሌሊት ሁለት መስመር ልኬልሽ ነበር፤ እስከ ጠዋት ምንም አትፈርሚ፣ ወንድምሽም በስልክ ስለ ጠቡ ትንፍሽ እንዳይል ብዬ። አሁን በደንብ ልጻፍልሽ። ያንቺ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ችግሩ፣ ሰው ስለ ቦንድ የሚጠይቀው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ማንም ረጋ ብሎ አያነብም።

ከገንዘቡ ልጀምር። 500ው አይመለስም። ክሱ በማግስቱ ቢዘጋም አይመለስም። ወንድምሽ ነጻ ነህ ተብሎ ቢሰናበትም አይመለስም። ያ ገንዘብ የገዛሽው አገልግሎት ዋጋ ነው፣ ልክ ሐኪም ቤት ሄደሽ በሽታ የለብሽም ስትባዪ የካርዱን ገንዘብ መልሱልኝ እንደማትይው።

ሰዉን ሁሉ የሚያሳስተው ዋስ የሚለው ቃል ይመስለኛል። ሀገር ቤት ዋስ ሲባል የሚታየን ሰው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ የመጣ አጎት፣ የመኪናውን ሊብሬ ይዞ የሚሮጥ ጓደኛ፣ ወይም የተጠየቀውን ብር አስይዞ ደረሰኙን በመጽሐፍ ቅዱሱ መሃል የሚያስቀምጥ አባት። ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ የተያዘው ይመለሳል። ዋስ የሆነሽ ሰው ውለታ ዋለልሽ እንጂ ሸቀጥ አልሸጠልሽም። እዚህ ግን ዋስ ይሸጣል፣ ሻጩም ቦንድስማን ይባላል። ይህን ንግድ የሚፈቅዱ ሀገራት ሲቆጠሩ ከአሜሪካ ሌላ ሁልጊዜ የምትጠቀሰው ፊሊፒንስ ናት። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ኢሊኖይ፣ ኬንታኪ፣ ኦሬገንና ዊስኮንሰን አይፈቅዱትም። ቨርጂኒያ ትፈቅዳለች።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ማጂስትሬቱ ዳኛ አይደለም፤ ሌሊትም በዓልም ሳይል ተረኛ ሆኖ የተያዘውን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሹም ነው። በራስህ ፊርማ ሂድ፣ ቀጠሮህን አክብር ማለት ይችላል። ከቀረህ ይህን ያህል ትከፍላለህ ብሎ ያለ ገንዘብ መልቀቅም ይችላል። ወይም ሴክዩርድ ይላል፣ እንደ እናንተው ጉዳይ፣ ያኔ ከመውጣቱ በፊት የሚጨበጥ ነገር መቅረብ አለበት። ለሱ ሦስት መንገድ አለሽ። 5,000ውን ሙሉ በጥሬ ታስይዣለሽ፣ ወይም ቤት ንብረት ታስይዣለሽ፣ ወይም ቦንድስማን ትቀጥሪያለሽ። በጥሬ ካስያዝሽና ወንድምሽ ቀጠሮውን ሁሉ ከተገኘ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ ይመለሳል። ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ይመለሳል። በቦንድስማን ከሆነ እሱ ለፍርድ ቤቱ ስለ ሙሉው 5,000 ይፈርማል፣ ካንቺ ደግሞ ዋጋውን ይቀበላል። ዋጋው በቨርጂኒያ ሕግ የተወሰነ ነው፤ ከቦንዱ ከ10 በመቶ አያንስም፣ ከ15 በመቶ አይበልጥም። ባንቺ ጉዳይ ከ500 እስከ 750 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽ ሰው ከሕግ ውጪ ነው፣ «ለሀበሻ በ5 በመቶ እንሠራለን» የሚልሽም እንዲሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የላከልሽን አንብቤዋለሁ፣ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውንም መነጽሬን አድርጌ። የሚለው ይህን ነው። ወንድምሽ ቀጠሮ ቀርቶ ከጠፋና ፍርድ ቤቱ ቦንዱን ከወረሰ፣ ቦንድስማኑ የሚከፍለውን 5,000 ዶላር ካንቺ ያገኛል። እሱን ፈልጎ ለመያዝ ያወጣውንም ካንቺ። አየሽ፣ ስሙ በር ላይ የተለጠፈው የእሱ ነው እንጂ ዋሱ አንቺ ነሽ። ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ በሌሊት ተነስቶ ይሄዳል፣ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው፣ ይህ የራሱ ዋጋ አለው። ግን 500 ከፍዬ ገላገልኩት ብለሽ እንዳትተኚ። ከ500ው ጋር የ5,000 ዶላር ዕዳ ሊሆን የሚችል ፊርማ አስቀምጠሻል።

ቤትሽን ግን በፍጹም። ለ5,000 ዶላር ቦንድ የቤት መያዣ የሚጠይቅ ሰው ወይ ወንድምሽን አላመነውም፣ ወይ አንቺን ደንግጣለች ብሎ አይቶሻል። መያዣው አንዴ ከተመዘገበ ለማስነሳት መመላለስ አለ፣ በዚህ መሃል ቤቱን ልሽጥ ወይም ብድሬን ላሻሽል ብትዪ ይጠልፍሻል። ሌላ ቦንድስማን ጋ ደውዪ። ብዙዎቹ ለዚህ ያህል ገንዘብ ደሞዝተኛ የሆነ አንድ አብሮ ፈራሚ ይበቃቸዋል።

የራሴንም ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ ብቻ። ከዓመታት በፊት የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ታሰረና 20,000 ዶላር ተባለ። እኔ ተረኛ ጀግና ሆኜ ሄድኩ። ቦንድስማኑ በጣም ደግ ሰው መሰለኝ፣ ቡና ሁሉ ጋበዘኝ። 10 በመቶው 2,000 ነው፣ ግን ዛሬ 200 ብቻ ስጠኝ፣ የቀረውን በወር 150 አለኝ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኔ ነኝ። ልጁ ወጣ፣ በሁለተኛው ወር ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው፣ ድግስ በላን። በሦስተኛው ወር የ150ው ማስታወሻ መጣልኝ። ስህተት መስሎኝ ደወልኩና ክሱ እኮ ተዘግቷል አልኩት። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ክፍያው ግን ይቀጥላል» አለኝ። 12 ወር ሙሉ ከፈልኩ። የአጎቴ ልጅ እስከዛሬ ስለሱ አንስቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሳሁበትም፣ ይኸው ዛሬ ባደባባይ አነሳሁት።

አክስትሽ አልዋሸችም፣ ግን ዲሲንና ቨርጂኒያን የሚለየውን ወንዝ ረስታዋለች። ዲሲ ሌላ ነው። እዚያ ከ1992ቱ ሕግ ጀምሮ ዳኛ አንድን ሰው መክፈል በማይችለው ገንዘብ ምክንያት አስሮ ማቆየት አይችልም፤ ወይ በሁኔታ ይለቀዋል፣ ወይ አደገኛ ነው ወይ ይጠፋል ብሎ በችሎት አስመስክሮ ያቆየዋል። በተግባር ቦንድስማን የሚባል ነገር ዲሲ ውስጥ አታዪም። ሜሪላንድ መሃል ላይ ናት። እዚያ መጀመሪያ የሚወስነው ኮሚሽነር የሚባለው ነው፣ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ዳኛ ያየዋል፣ ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ሰውን ለማሰር ብቻ የማይቻል ገንዘብ መጠየቅ አይፈቀድም። ቦንድስማኖች ግን አሁንም አሉ። በአንድ የባቡር መስመር ላይ ሦስት ዓይነት ሕግ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወዳጅሽ የሚመክርሽ ምክር አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ይበላሻል፣ ስለዚህ እገሌ በዚህ ወጣ የሚል ሁሉ መጀመሪያ የት እንደሆነ ይንገርሽ።

ለምን 5,000 ለሚለው ደግሞ። በቡጢ ለመታ ሰው፣ ምንም መዝገብ ለሌለው፣ ይህ በዛ ብዬ ስገረም ነበር። ከዚያ ስንነጋገር ነገሩን እንደ ዋዛ ጣል አደረግሽው፦ «አምና የፍጥነት ትኬት ቀጠሮ ረስቶ ነበር፣ ግን ትኬት ብቻ ነው» አልሽኝ። እህቴ፣ ትኬት ብቻ አይደለም! ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ከነዳሽ፣ ወይም በየትኛውም መንገድ ከ85 ካለፍሽ፣ ረክለስ ድራይቪንግ ይባላል፣ በግዴለሽነት መንዳት ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ወንጀል ነው። መቀጫ ከፍለሽ የምትረሺው አይደለም። ቀጠሮው ሲያልፍ አልቀረበም የሚል መዝገብ ተከፈተበት፣ ማጂስትሬቱ ኮምፒውተሩ ላይ ያየው እሱን ነው። ቦንድ የሚባለው ነገር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ነው የሚዞረው፦ ይህ ሰው ተመልሶ ይመጣል ወይ? ወንድምሽ አንዴ አልመጣም። (ታክሲ ለምትነዱ ሁሉ፦ የቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት መዝገብ በኢንተርኔት በስም በነጻ ይታያል። ዛሬ ማታ ስማችሁን ፈልጉ። ስማችሁን በአራት ዓይነት እንግሊዝኛ ጽፋችሁ ፈልጉ፣ ፖሊሱ እንዴት እንደጻፈው አይታወቅምና።)

ታዲያ ልፈርም ወይስ ልጠብቅ ነው ጥያቄሽ። የማጂስትሬቱ ቁጥር የመጨረሻ አይደለም። ሰኞ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ጠበቃ ካለው ጠበቃው ቦንዱ ይቀነስ፣ ወይም በፕሪትራያል ክትትል፣ ማለትም ክሱ እስኪታይ ውጪ ሆኖ እየተቆጣጠሩት፣ ይውጣ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ዳኛው እምቢ ካለ ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለው መንግሥት ያቆምለታል፣ አስተርጓሚም ይመደብለታል፣ ገባኝ እያለ ጭንቅላቱን እንዳይነቀንቅ ብቻ። ያን ቀን ይዘሽ የምትሄጂው ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ነው፤ የሥራ ማስረጃ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ አንቺ ራስሽ፣ ሁለት ሦስት ዘመድ ኋላ ወንበር ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ። ጠበቃው ዞር ብሎ ቤተሰቡ እዚህ ነው ሲል ዳኛው ያያል። ያንን የትኬት ቀጠሮ ለምን እንደቀረም የሚያስረዳ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ አድራሻ ቀይሮ ደብዳቤው ካልደረሰው፣ ማስረጃውን ለጠበቃው ስጪው። ዳኛ መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም እንደሚችል ግን እወቂ። እና አስቢው፤ ቅዳሜ ሌሊት 500ውን ከፍለሽ ሰኞ ዳኛው በፊርማህ ሂድ የሚል ሰው ቢሆን ኖሮስ? 500ው ሄዷል።

በሌላ በኩል፣ ሁለት ሌሊት እስር ቤት ቀላል ነገር አይደለም። በሽታ ካለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ካልገባ ሥራውን የሚያጣ ከሆነ፣ የ500 ዶላር ጉዳይ አይደለም፣ አውጪው። ያንቺ ወንድም የራሱ ጌታ ነው፣ ጤነኛ ነው። ገንዘቡ ከሌለሽ ሰኞን ጠብቂ ነበር የምልሽ።

ግን ዕቁቡ አለ! እንደኔ ዕቁብተኞችሽ ካንቺም ከኔም ብልጦች ናቸው። 5,000ው ሳይበደሩ የሚገኝ ከሆነና ወንድምሽ ቀጠሮ እንደማይቀር እርግጠኛ ከሆንሽ፣ ሙሉውን ማስያዝ ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም በመጨረሻ የሚከስር ሰው የለም። ሁለት ነገር ብቻ። ገንዘቡ የሚመለሰው ደረሰኙ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። አምስት ሰው ሺህ ሺህ አዋጥቶ ደረሰኙ በአንዱ ስም ከወጣ፣ በአንዲት ወረቀት ላይ ማን ስንት እንደሰጠ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት፣ አሁን ተዋደን ሳለን ማለቴ ነው። ሁለተኛ፣ የዚህ ወር ዕቁብ ደራሽ ማን ነው? ወራት ሊቀመጥ በሚችል ገንዘብ ላይ ልቧን ጥላ የነበረች ሴት እንዳለች እንዳትረሺ፣ በደንብ ጠይቋት፣ በይሉኝታ እሺ እንዳትል።

ቦንድስማን የግድ ከሆነ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጣቸው የግዛቱ የወንጀል ፍትሕ አገልግሎት መምሪያ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የኢንሹራንስ አስተዳደሩ ይቆጣጠራቸዋል። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቂና አጣሪ። ጥሩው ሰው ይህን ስትጠይቂው አይቆጣም፣ እንዲያውም ሳትጨርሺ ቁጥሩን ይነግርሻል። በእስር ቤቱ ወይም በፍርድ ቤቱ ግቢ ተጠግቶ ቦንድ ልሥራልሽ የሚልሽን እለፊው፣ ሕጉ እዚያ ደንበኛ እንዲያድኑ አይፈቅድላቸውም። ሙሉ ዋጋው ስንት ነው፣ ዛሬ ስንት፣ የቀረው መቼ፣ ክሱ ቢዘጋስ፣ መያዣው መቼ ይመለሳል ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን በጽሑፍ አድርጊው። የከፈልሽበትን ደረሰኝ ሳትይዢ ከቢሮው አትውጪ። ሳይጠሩት ደውሎ ወንድምሽን አስፈታለሁ፣ በዜል ላኪ፣ የስጦታ ካርድ ግዢ የሚል ከመጣ ሌባ ነው፣ ዝጊበት። የታሳሪ ስም አይቶ ቤተሰብ ጋ የሚደውል አጭበርባሪ ሞልቷል።

አሁን ከገንዘቡ ሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። ወንድምሽ ዜጋ አይደለም። ግሪን ካርድ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከወንጀል ክስ ጋር ሲገናኝ ይሳሳል። ሁለት ዓይነት ቦንድ እንዳለ እወቂ። አንዱ ይህ የቨርጂኒያው ነው። ሌላው የኢሚግሬሽን ቦንድ ነው፣ እሱ የፌዴራል ነው፣ ሕጉ ከ1,500 ዶላር በታች እንዲሆን አይፈቅድም፣ በቨርጂኒያው ከፍለሽ በዚያኛው አትድኚም። ለአንዳንድ ሰው አይስ የሚባለው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ዲቴይነር ይልካል፣ ማለትም ልትለቁት ስትሉ እስከ 48 ሰዓት ያዙልኝ የሚል ወረቀት። ዲቴይነር ያለበትን ሰው ቦንድ ስትከፍዪለት የሚወጣው ወደ ቤቱ ላይሆን ይችላል፣ ለቦንድስማን የከፈልሽው ግን ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ዶላር ከመክፈልሽ በፊት ዲቴይነር አለበት ወይ ብለሽ በጠበቃው በኩል አጣሪ። እናንተ ስትጠይቁ የለበትም መባሉ ጥሩ ነው።

ሌላው፣ ቶሎ እንገላገል ብሎ ጥፋተኛ ነኝ እንዳይል። የሀበሻ ትልቁ በሽታ ይህ ነው፦ «ዳኛው እኮ ለቀቀኝ፣ አንድ ቀን አልታሰርኩም» ብሎ ደስ ይለዋል። በቡጢ የመምታት ክስ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 12 ወር ያስፈርዳል። ዳኛው 12 ወር ፈርዶ 12ቱንም ቢያግድለት፣ ወንድምሽ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን ግን የአንድ ዓመት ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ የታገደውም ጭምር። ከ2010 ጀምሮ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወንጀል ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። የመንግሥት ጠበቃም ቢሆን። ጠበቃው ራሱ ካላነሳው አንቺ አንሺው፦ ዜጋ አይደለም፣ ይህ ስምምነት ግሪን ካርዱን ምን ያደርገዋል? ከተቻለ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ለአንድ ሰዓት አማክሪ። 500 ዶላር የምታወጪ ከሆነ እዚህ ላይ አውጪው።

ሽማግሌው ጋ ደረስኩ። እዚህ ላይ ነው ሰላማዊ ሰው ሳያስበው ጥፋት የሚሠራው። ወንድምሽ ሲወጣ ከተመታው ልጅ ጋር በምንም መንገድ እንዳይገናኝ የሚል ሁኔታ ይሰጠው ይሆናል። በምንም መንገድ ሲባል በሰውም ነው። እናንተ ቄሱንና ሁለት አዛውንት ይዛችሁ ልጁ ቤት ስትሄዱ፣ ለኛ የተከበረ ነገር ነው፣ ለዐቃቤ ሕጉ ግን ተከሳሹ በሌላ ሰው በኩል ምስክሩን እያግባባ ነው። ቦንዱ ሊሰረዝ ይችላል፣ ሌላ ክስም ሊመጣ ይችላል። አባቶችን አመስግኚና ለጊዜው አስቀሪያቸው።

ነገር ግን ተስፋ አትቁረጪ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ለዕርቅ የሚሆን ቀዳዳ አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀላል የመምታት ክስ፣ የተጎዳው ሰው ተክሻለሁ፣ ረክቻለሁ ብሎ በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ካሳወቀ፣ ዳኛው ከፈቀደ የፍርድ ቤቱን ወጪ አስከፍሎ ክሱን ሊዘጋው ይችላል። የቤተሰብ ጥቃትና በፖሊስ ላይ የተፈጸመ አይገባበትም፣ የናንተ ግን የምግብ ቤት ጠብ ነው። ዳኛው የመፍቀድ ግዴታ የለበትም። መንገዱ ግን አለ፣ የሚሄድበት ደግሞ ጠበቃው ነው እንጂ እኛ አይደለንም። የልጁን የሐኪም ወጪ መሸፈንም ካሰባችሁ በጠበቃው እጅ ይሁን፣ በፖስታ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መስጠት የለም።

ስልኩን ደግሜ ልንገርሽ። የእስር ቤት ስልክ ይቀረጻል። በአማርኛ ብናወራ ማን ይሰማናል የሚል ሰው አሁንም አለ። የአማርኛ አስተርጓሚ በዚህ አካባቢ ሞልቷል፣ አንዳንዱ የናንተው ሰፈር ልጅ ይሆናል። ወንድምሽ ሲደውል በልተሃል፣ አይዞህ፣ ጠበቃ እየፈለግን ነው በይው፣ ይበቃል። እሱም ልጁ እኮ ቀድሞ ሰድቦኝ ነው ብሎ ሲጀምር አቋርጪው። ይከፋዋል፣ ይከፋው።

ሲወጣ ፓስፖርቱን ስጪ ከተባለ ይስጥ፣ ከግዛቱ አትውጣ ከተባለ አይውጣ፣ የዲሲ መንገደኛ ቢመጣለት እንኳ አይንዳ፣ ድልድዩን ማለፍ መውጣት ነው፣ መጀመሪያ በጠበቃው በኩል ፍርድ ቤቱን ያስፈቅድ። ቀጠሮውን በስልኩም በስልክሽም መዝግቡት። በዚህኛው ክስ ቀጠሮ ከቀረ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወርና 2,500 ዶላር ያስቀጣል፣ የዕቁቡ 5,000 ደግሞ ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ይችላል። የቀጠሮው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩን የምታንኳኪው አንቺ ነሽ፣ ተኝቶ ከተገኘም የምትቀሰቅሺው አንቺ።

አክስትሽን ሰላም በይልኝ። ያ ዲሲ የታሰረው ልጇ ጉዳዩ አልቆ ከሆነ ደግሞ ጠይቂያት። ያለ አንድ ሳንቲም የወጣ ሰውም ቀጠሮ ከቀረ ዋራንት፣ ማለትም ያዙት የሚል ትእዛዝ፣ ይወጣበታል።